ሃላኻ ለእናቴም ይድረስ

እናቴ ሕግ አዋቂ ናት። ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ በቤተ እስራኤል፣ በኢትዮጵያ አይሁዶች መካከል ነው ተወልዳ ያደገችው። ሰንበት መቼ እንደሚገባ፣ በሰንበት ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ፣ ፋሲካ ሲደርስ ከቤት ምን ተጠርጎ እንደሚወጣ፣ የወለደች ሴት ስንት ቀን ለብቻዋ እንደምትቆይ፣ ይህን ሁሉ ከእናቷና ከአያቷ አይታና ሠርታ ነው የምታውቀው። እስራኤል ስትገባ ግን ሕግ እንደማያውቅ ሰው ተቆጠረች። ክፉ አስበው ነው አልልም። አንድ ወረቀት ሰጧት፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ፣ ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ ክልክል ነው የሚል ዝርዝር። ለምን እንደሚፈቀድ የለበትም። ለምን እንደሚከለከልም የለበትም። እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም።

ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለሰንበት ስመጣ፣ ገና ልጅ ሆኜ፣ ወጥ ቤት ቆሜ «እማዬ ይሄ አይቻልም፣ ይሄ ይቻላል» እላት ነበር። «ማነው ያለው?» ትለኛለች። «ሕጉ ነው» እላለሁ። እኔም የተነገረኝ ይኸው ብቻ ነው። በ1980ዎቹ ከገቡት ልጆቻችን አብዛኞቹ እንዲህ ባለ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያለፉት፤ ስለዚህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ልጅ እናቱን ሕግ ሲያስተምር፣ ያውም ምክንያቱን ሳይይዝ፣ ቤት ውስጥ የሚገለበጥ ነገር አለ። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ቤት ያልተቃና።

የአይሁድ ሕግ፣ ሃላኻ የምንለው፣ ተራ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲማረውና በዕለት ኑሮው እንዲኖርበት እንዴት ይቅረብ? ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «አሳጥሩት፣ አቅልሉት» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቴን የጎዳት የሕጉ ርዝመት አይደለም። ምክንያቱ ተቆርጦ ትእዛዙ ብቻ ስለደረሳት ነው። ሰው ምክንያቱን ሲይዝ ነገ ለሚመጣበት አዲስ ነገርም ራሱ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። ዝርዝር ብቻ የያዘ ሰው ግን ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ሲገጥመው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ክርክሩ የዛሬ አይደለም። ሚሽና የተጠናቀረው በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ራቢ ይሁዳ ሃናሲ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ሕግ በስድስት ክፍል ሰበሰበው። ከዚያ ታልሙድ መጣ። ታልሙድ በአብዛኛው ክርክር ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሦስተኛው መልሱን ያፈርሰዋል፣ መሃል ላይ ተረት ይገባል፣ የመድኃኒት ምክር ይገባል፣ ከብዙ ገጽ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳሉ። ማንበቡ ደስ ይላል። ዓርብ ማታ ድስት ይዞ የቆመ ሰው ግን መልሱን እዚያ ውስጥ ቶሎ አያገኘውም።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ራምባም ይህን አየ። ኮርዶባ ተወልዶ ግብፅ ውስጥ የኖረ ሐኪምና ሊቅ ነው። ሚሽኔ ቶራ የተባለውን ሥራ በ14 መጻሕፍት ጻፈ። ቋንቋው ግልጽ ነው፣ አደረጃጀቱም ያምራል። መግቢያው ላይ፣ ሰው አስቀድሞ ኦሪትን ቢያነብ ከዚያም ይህን ቢያነብ የቃሉን ሕግ ሁሉ ለማወቅ በመካከል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም አለ። ትልቅ ቃል ነው። ራአቫድ የተባለ የፕሮቫንስ ሊቅ ወዲያው ተነሳበት። ከቅሬታዎቹ ዋናው፣ ከአንተ በፊት የጻፉት ሁሉ ማስረጃቸውን አቅርበው፣ የተናገረውን ሰው በስሙ ጠርተው ነው የጻፉት፣ አንተ ግን ይህን ተውክ የሚል ነው። ምንጩን ካላየሁ በምን ልመዝነው ማለቱ ነው። ራምባምን እወደዋለሁ፣ ሲከፋኝ የማነበው እሱን ነው። በዚህ ነገር ግን ከራአቫድ ጋር ነኝ።

ዮሴፍ ካሮ ከዚህ የተማረ ይመስለኛል። እሱ መጀመሪያ ቤት ዮሴፍ የተባለውን ግዙፍ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከ1522 እስከ 1542፣ 20 ዓመት ፈጅቶበታል። እያንዳንዱን ሕግ ከታልሙድ ምንጩ ጀምሮ ማን ምን እንዳለ እየዘረዘረ። ከዚያ በኋላ ነው ጸፋት ከተማ ሆኖ አጭሩን ሹልኻን አሩኽ ያዘጋጀው። በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ። 30 ክፍል አድርጎ ከፋፈለው፣ ሰው በየወሩ አንድ ጊዜ እንዲደግመው፣ ወጣት ተማሪዎችም እንዲለምዱት። ማሳጠሩ የመጣው ረጅሙ ከተጻፈ በኋላ ነው። መጠራጠር የፈለገ ሰው የሚመለስበት ቦታ አለው።

ሌላም ነገር አለ። ካሮ የስፔንና የምሥራቁን ወግ ይዞ ነው የጻፈው። ክራኮው የነበረው ረማ የሚባለው ራቢ የአሽከናዚዎችን፣ የጀርመንና የፖላንድ አካባቢ አይሁዶችን፣ ወግ በየአንቀጹ ጨመረበት፤ «እኛ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው» እያለ። ዛሬ መጽሐፉን ስትከፍቱ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ታትመዋል። ፖላንድ የተቀመጠ አይሁዳዊ መጽሐፉን የራሱ ያደረገው ወጉ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ስላገኘው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሞክረዋል። ሽሎሞ ጋንዝፍሪድ በ1864 አጭሩን ኪጹር ሹልኻን አሩኽ አወጣ፣ በየቤቱ ገባ። ሆፌጽ ሃዪም የሚባሉት የራዲን ራቢ ሚሽና ብሩራን ጻፉ፤ ላይ ሕጉ፣ ሥሩ ምክንያቱ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ምንጩ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነኩት ግን ለሕዝቡ በገዛ አፉ የጻፉት ናቸው። በ1730 ቁስጥንጥንያ ላይ ያዕቆብ ኩሊ መአም ሎኤዝ የተባለውን ሥራ በላዲኖ፣ ከስፔን የወጡት አይሁዶች በሚናገሩት ቋንቋ፣ ጀመረ፣ ዕብራይስጥ የማይገባው ሰው ብዙ ስለነበር። የባግዳዱ ራቢ ዮሴፍ ሃዪም ደግሞ ለሴቶች የሚሆን የምክር መጽሐፍ በሚናገሩት ዓረብኛ አዘጋጁ። ዕብራይስጥ አለማወቅ አላዋቂነት ነው ብለው አላሰቡም።

አሁን አንድ ጉዳይ መርጠን ጠጋ ብለን እንየው። ሰንበትና ትኩስ ነገር።

አገር ቤት ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋል። ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ መብራትም የለም። ዳቦው ዓርብ ተጋግሮ ያድራል፣ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በቤታችሁ እሳት አታንድዱ ይላልና፣ ቃሉን እንደተጻፈው ያዙት። እናቴ እዚህ መጥታ መጀመሪያ የደነገጠችው በዚህ ነው። ሃይማኖተኛ የተባሉ ጎረቤቶች ሰንበት ቀን ምሳ ጠሯት፣ ሄደች፣ ምግቡ ከፕላታው (ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው) ላይ እየጨሰ ሲወርድ አየች። «እነዚህ ሰንበት አያከብሩም እንዴ?» አለች ቤት ስትመለስ። ጎረቤቶቿ በበኩላቸው ትኩሱን አልበላም ስትላቸው ያልተማረች መሰለቻቸው። ሁለቱም ወገን ያን ቀን የታገለው ሰንበትን ለማክበር ነው።

ራቢዎቹ ቃሉን የሚረዱት እንዲህ ነው። የተከለከለው ሰንበት ከገባ በኋላ ማንደድ ነው። ቀድሞ የተያያዘ እሳት በራሱ ቢቆይ፣ ቀድሞ የበሰለ ምግብም ላዩ ላይ ቢያድር ይቻላል። ጥንቃቄ አለው፤ ሰው ረስቶ እንዳይቆሰቁሰው እሳቱ መሸፈን አለበት። የፕላታ ነገር የመጣው ከዚህ ነው፣ የሚቆሰቆስም የሚጨመርም የለውም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በመካከለኛው ዘመን ቀራውያን የሚባሉ፣ የራቢዎቹን የቃል ትምህርት የማይቀበሉ አይሁዶች ነበሩ፣ በሰንበት እሳት ማቆየትን አጥብቀው የሚቃወሙ። ከእነሱ ጋር በነበረው ጠብ የተነሳ ትኩስ መብላት ራሱ የወገን መለያ ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዘራሕያ ሃሌዊ የተባለ ሊቅ፣ በሰንበት ትኩስ አልበላም የሚል ሰው መናፍቅ እንዳይሆን ይመርመር ብሎ ጻፈ። ረማም በሹልኻን አሩኽ ላይ ይህንኑ የመሰለ ነገር አስፍሯል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በዚያ ምሳ ላይ እናቴን ያዩበት ዓይን ከየት እንደመጣ ገባኝ። ጎረቤቶቿ ይህን ታሪክ አንብበውት ላይሆን ይችላል፣ ግን የወረሱት ስሜት ነው። ሕጉ የተነጣጠረው የሊቃውንቱን ቃል ሰምቶ በካደ ሰው ላይ ነው። እናቴ ግን የማንንም ቃል አልካደችም። አልደረሳትም እንጂ። ይህን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ ቢነግራት ኖሮ፣ ለእነሱም ቢነገራቸው ኖሮ፣ ስንት እንባ በቀረ።

ከዚያ ሚሽና ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሻባት የሚባለው ክፍል፣ ምዕራፍ 3፣ አምስተኛው ሚሽና። በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ድስት እየፈላ ከእሳት ከወረደ ቅመም አይጨመርበት፣ ወደ ሳህን ከተገለበጠ በኋላ ግን ይጨመርበታል ይላል። እናቴ ወዲያው «መከለሻ ነዋ!» አለች። አዎ፣ መከለሻ ነው። ወጥ ሲወጣ ላዩ ላይ የምንነሰንሰው። ድስቱ ከእሳት ቢወርድም ግድግዳው ስለጋለ ማብሰሉን አያቆምም፣ ሳህን ግን ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን እየበላው ይሄዳል፤ የታልሙድ ተንታኞች የሰጡት ምክንያት ይህ ነው። እናቴ ይህን ለመረዳት ተንታኝ አላስፈለጋትም። «የሸክላ ድስትማ ከወረደም በኋላ ሲንተከተክ ይቆያል» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ድስት ስታወርድ የኖረች ሰው ናት።

የመጀመሪያ ዕቃና የሁለተኛ ዕቃ የሚባለው ሰፊ ሕግ የሚመነጨው ከዚህች ከአንዲት አንቀጽ ነው። እሳት ላይ የነበረው ዕቃ የመጀመሪያ ነው፣ ያበስላል። ከእሱ የተቀዳበት ሁለተኛ ነው፣ በጥቅሉ አያበስልም፤ በቀላሉ የሚበስል ነገር ሲሆን ግን እዚያም ጥንቃቄ ይገባል። እናቴ ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባች። «ቡናስ?»

ቡናስ። መቁላት የለም፣ መውቀጥ የለም፣ ማፍላት የለም። የተፈጨ ቡና ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስም ማብሰል ነው። ዓርብ አፍልቶ በፔርሙስ ማሳደር ይቻላል። ኔስካፌ አንዴ ተቆልቶ ተፈልቶ የደረቀ ስለሆነ ብዙ ራቢዎች ውሃው መጀመሪያ ኩባያ ውስጥ ከገባ ይፈቅዱታል። ሻይ ቅጠል ግን ቶሎ የሚበስል ነገር ስለሆነ ሚሽና ብሩራ ዓርብ ቀድሞ ማፍላቱን ይመርጣል። እናቴ ኔስካፌን ቡና ብላ አትጠራውም፣ ስለዚህ ፔርሙሱን መረጠች።

ልብ በሉ፤ በመጨረሻ የምታደርገው ነገር ያ የድሮው ወረቀት ከሚለው አይለይም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ከጊዜ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ሰንበት ቀን ሾርባ ላይ ሚጥሚጣ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ «ድስቱ ውስጥ ነው ሳህኑ ውስጥ?» ብላ መልሳ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ ማንም አላስተማራትም። የትኛውም የሺቫ (የታልሙድ ትምህርት ቤት) ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሕግ ለሰው ቀረበ የምለው ይህን ሳይ ነው።

ወደ ያቆየሁት ነጥብ ልመለስ፣ ስለ ረማ።

ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973፣ የስፋራዲም፣ የስፔንና የምሥራቅ አይሁዶች፣ ዋና ራቢ በነበሩበት ጊዜ፣ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፣ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። የተመሠረቱት በግብፅ የነበረው ራድባዝ የተባለ ራቢ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ላይ ነው። ለእኛ ትልቅ ውሳኔ ነው፣ በእሱ ላይ ተደግፈን ነው የገባነው። ግን እንደገባን ለጥርጣሬ ሲባል በሚቅዌ፣ በመንጻት መታጠቢያው፣ ጠልቃችሁ ውጡ ተባለ። በ1985 ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ራቢናቱ (የዋና ራቢዎቹ መሥሪያ ቤት) ፊት ለፊት ብዙ ቀን ተቀምጠው ተቃወሙ። ቂም ለማንሳት አይደለም ይህን የማነሳው። ሕጉ የቀረበልን ገና ከመግቢያው በጥርጣሬ ነው፣ እንደ ፈተና ነው፣ እኛ የያዝነውን የጠየቀን አልነበረም ለማለት ነው። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ የሞተውን የሚቀብሩ፣ የተጣላውን የሚያስታርቁ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ሲደርሱ ጋብቻ የሚመዘገበው በራቢናት ስለሆነ ሥልጣናቸው እንደዋዛ ከእጃቸው ወጣ። ሕዝቡ ደግሞ ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበትን ሰው አጣ።

ረማ ለክራኮው ያደረገውን ለእኛ የሞከሩት ራቢ ሻሮን ሻሎም ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ፣ ኪሪያት ጋት ያገለገሉ ራቢ ናቸው። በ2012 «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» የሚል የሃላኻ መጽሐፍ በዕብራይስጥ አወጡ። የቤተ እስራኤልን ሥርዓትና የራቢዎቹን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ይህ ትውልድ ምን ያድርግ፣ ልጆቹስ ምን ያድርጉ ብለው ያወያያሉ። በሁሉም ውሳኔያቸው የሚስማማ ሰው የለም፣ እኔም በአንዳንዱ አልስማማም። ግን የእናቴ ወግ በሃላኻ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሃላኻ ተጽፎ ሳየው የተሰማኝን ነገር መግለጽ ይቸግረኛል። ገጹን ይዤ ሄጄ አሳየኋት። ማንበብ ባትችልም እጇን አስቀመጠችበት።

ስለ ሴቶችም ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ስለሆነ። አገር ቤት የወር አበባ የመጣባት ሴት ወደ መርገም ጎጆ ትሄዳለች፣ ሰባት ቀን ትቆያለች፣ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። የወለደችም እንደ ኦሪት ዘሌዋውያን 12 ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን ትቆያለች። እዚህ ጎጆ የለም፣ ያለው አፓርታማ ነው። እናቴና እኩዮቿ አንድ ሳሎን ውስጥ ከሁሉ ጋር መዋል ነውር ሆኖባቸው ብዙ ተሰቃይተዋል፣ ለማንም አልተናገሩትም። በራቢዎቹ ሕግ ባልና ሚስት ይራራቃሉ እንጂ ሴቲቱ ከቤት አትወጣም፣ ሰባት ንጹሕ ቀን ቆጥራ ሚቅዌ ትወርዳለች። ይህን ማን ያስረዳቸው? ወንድ ራቢ ጋ ሄደው ስለ ደም ሊጠይቁ? የማይሆን ነገር ነው። ኢየሩሳሌም ያለው ኒሽማት የተባለው የሴቶች መማሪያ በ1999 የመጀመሪያዎቹን የሃላኻ አማካሪ ሴቶች አስመርቋል። ሴት ሴትን ትጠይቃለች፣ ስልክ ደውላም ቢሆን። በእኔ እምነት በዘመናችን ሕጉን ለሰው ለማቅረብ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህ ከፊት ይሰለፋል። ምክንያቱም ጥያቄው አፍ እንዲያወጣ አድርጓል። አማርኛ የሚናገሩ፣ ጎጆውን የሚያውቁና የማይንቁ አማካሪዎች በየከተማው ቢኖሩልን ምን አለበት?

መሣሪያው ዛሬ ሞልቷል። ራቢ ሽታይንሳልዝ ታልሙድን በዘመኑ ዕብራይስጥ መተርጎም የጀመሩት በ1965 ነው፣ የጨረሱት በ2010። በ2017 ሥራቸው ሰፋሪያ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተለቀቀ፤ ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው በአውቶቡስ ላይ ሆኖ ሙሉ ታልሙድ በስልኩ ይከፍታል። በቀን አንድ ቅጠል፣ ፊትና ጀርባውን፣ እያሉ የታልሙዱን 2,711 ቅጠል በሰባት ዓመት ተኩል የሚጨርሱ ሰዎች በየዓለሙ አሉ። ለራቢ አጭር የስልክ መልእክት ልኮ አጭር መልስ ማግኘትም ተለምዷል። አጭሩ መልስ ግን ያሳስበኛል። «ይቻላል»፣ «አይቻልም»። ያ የእናቴ ወረቀት በስልክ መጣ ማለት ነው። ራቢዎቻችን አንድ መስመር ብቻ ቢጨምሩ፣ «ምክንያቱም» ብለው አንድ መስመር፣ ብዙ ለውጥ ይመጣ ነበር።

ለእኛ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ መንገዱ ጆሮ ነው። ድሮም እንዲያ ነበር። ቄሱ ኦሪትን በግዕዝ ያነባል፣ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያብራራል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል። ስለዚህ የአማርኛ ሃላኻ መጽሐፍ ቢታተም ደስ ይለኛል፣ ግን ከመጽሐፉ በፊት ድምፅ ነው የምፈልገው። በዋትሳፕ የሚላክ፣ ከዕብራይስጡ ምንጭ የሚነሳ፣ ምክንያቱን የሚናገር፣ «አገር ቤት እንዲህ ነበር የምናደርገው» የሚለውን የማይዘል። አንዳንድ ወጣቶች ጀምረውታል፣ እኔም በአቅሜ እየቀዳሁ እልካለሁ።

ይህ ነገር የነፍስ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እስራኤል ከገባን ወዲህ ስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን በጣም በዝቷል። አክስቴ አለባት፣ መርፌ ትወጋለች። የዮም ኪፑር ጾም፣ እሷ አስተሥርዮ የምትለው፣ ሲደርስ ግን ሐኪሙ የፈለገውን ቢላት አትሰማም። «እግዚአብሔር ያውቅልኛል» ብላ ትጾማለች። አንድ ዓመት በአምቡላንስ ነው የወሰድናት። ልጆቿ «ሕጉ ብዪ ይልሻል» ይሏታል፣ እሷ ግን ሰነፍ ሆነው ሊያቀልሉላት የፈለጉ ይመስላታል። ሕግ የሚያቀል ነገር ሲናገር ማመን ይከብዳል፣ በተለይ ዕድሜ ልክ ሕጉን በመከራ ጠብቆ ለኖረ ሰው።

ዘንድሮ ከበዓሉ ቀደም ብዬ ሹልኻን አሩኽን ይዤ ሄድኩ፤ ኦራኽ ሃዪም፣ ምዕራፍ 618። በአማርኛ እየመለስኩ፣ ቀስ እያልኩ። በሽተኛው ራሱ መብላት አለብኝ ካለ መቶ ሐኪም አያስፈልገውም ቢል እንኳ የሚሰማው በሽተኛው ነው ይላል። አክስቴ አስቆመችኝ። «መቶ ሐኪም ነው ያልሽው?» መቶ ነው። ምክንያቱን ከታልሙዱ ነገርኳት፤ ልብ የራሱን መራራነት ያውቃል የሚለውን የምሳሌ ቃል ይዘው ነው። ተቃራኒውም አለ፤ በሽተኛው አልበላም ቢል፣ ሐኪሙ ግን ያስፈልገዋል ካለ የሚሰማው ሐኪሙ ነው። ዝም ብላ ቆየች። «እንዲህ ከሆነ ያን ጊዜ መብላት ነበረብኝ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ።

ቀጠልን። ሐኪሙ በቂ ነው ካለ በትንሽ በትንሹ ይበላል። ዛሬ በተለምዶ የሚነገረው መጠን ከ30 ሚሊ ሊትር ያነሰ ምግብ በየዘጠኝ ደቂቃው ነው፣ ይህ የማይበቃው ሰው እንደ ልቡ ይበላል። መጠጡ ደግሞ በየሰዉ ይለያያል፤ በሽተኛው በራሱ አፍ ይለካል፣ አንድ ጉንጩን ከሚሞላው ያነሰ። ይህን ስትሰማ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ጎነጨች፣ በአንድ ጉንጯ ያዘች፣ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ መለሰችው። መስመሩን በእስክሪብቶ እንዳሰምርላት ብርጭቆውን ሰጠችኝ፣ ከዚያ በታች እንድትጠጣ። ከዚያም ሐኪሟ ጋ ሄደን ስለ መርፌው ጠየቅን፣ የሰፈራችንን ራቢም ጠየቅን። ለራቢው ጥያቄውን ያቀረበችው ራሷ ናት፣ እኔ ያስተረጎምኩት ዕብራይስጡን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። በዚያ ቀን ስበላ ልባርክ ወይስ አልባርክ አለችው። ራቢው እንደ ሌላው ቀን ከመብላትሽ በፊት ትባርኪያለሽ አላት፣ የምትበይው ታዘሽ ነውና።

ቤት እንደገባን ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን አነሳች። አሽዶድ ያለች፣ እሷም ስኳር ያለባት የአገሯ ልጅ ጋ ነው የደወለችው። «አንቺ፣ መለኪያ ብርጭቆ አለሽ?» አለቻት።